የጋራችን ባለቤት
«የጋራ» የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ የሚመጥ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጅቡቲ ከተማ በምሠራበት የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አለቃዬ እንዲያ ያሉ ሰው ናቸው። ከሁለት ኮሌጆች ጋር የኤሌክትሮኒክ መጽሔቶችን የምንጋራበት ሥርዓት ሲመረቅ፣ ስለ መተባበር ተናግረው እንግዶቹን አስለቀሱ። የይለፍ ቃሉን ግን ለማንም አልሰጡም።

በማግስቱ ከአንደኛው ኮሌጅ ሰላም የምትባል የአዋላጅነት ተማሪ መጣች። እናቷ ሰው ቤት ሠርታ ነው የምታስተምራት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ከመጽሔቶቹ አንድ ጥናት ፈልጋለች።

«ሙሲዬ፣ የጋራ አይደለም እንዴ?» አለቻቸው አለቃዬን፣ በፈረንሳይኛ «ጌታዬ» ብላ አክብራ።

«የጋራማ ነው! ሁሉም ካነበበው ግን ለእኛ ምን ይተርፋል?»

በዚያ ሙቀት ካርቲየ 4 ከሚባለው ሰፈሯ በእግሯ አራት ቀን ተመላለሰች። ምረቃዋ ለከርሞ ተላለፈ።

አለቃዬስ? በመተባበር አርአያነታቸው ተሸለሙ። እኔም ከፊት ወንበር ተቀምጬ አጨበጨብኩ።