ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ሾፌር

ሰው ተሰብስቦ በሚማርበት ክፍል ሁሉ፣ መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልሱን የሚጨርስ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን ሊቀ ሊቃውንት ጋሼ ሾፌር ነበሩ።

የሐኪም ረዳትነት የተማርንበት ኮሌጅ ትንሽ ነው። ሁለት ክፍል፣ ግራ እጁ የጠፋ አንድ የፕላስቲክ አጽም፣ አሥራ ሰባት ተማሪ። አሥራ ስድስታችን ገና ከእናታችን ቤት ያልወጣን ነን። ጋሼ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አውቶብስ ነድተው፣ ሦስት ልጅ ድረው ነው የመጡት።

«የጉበት ሥራ ምን...» ትላለች ወጣቷ ዶክተር፣ መምህራችን።

«እሱማ ግልጽ ነው» ይላሉ ጋሼ፤ ጉበትን ከነዳጅ ማጣሪያ፣ ኩላሊትን ከራዲያተር እያዛመዱ ሰዓቱን ይጨርሱታል። አንድ ፈተና ላይ ከመቶ ዘጠና ስምንት አገኙና ሊከራከሩ ገቡ። ዘጠና ዘጠኝ ይዘው ወጡ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ፊታቸው አልተፈታም። የኮሌጁ ዘበኛ እሳቸው በበሩ ሲያልፉ ሳሉን ይውጣል፤ አንዴ ስሎ ግማሽ ሰዓት ጀርባውን ሲያዳምጡት ቆሟል። እኔም አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳልመልስ ልመረቅ ነው ብዬ በልቤ እቀየማቸው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ዶክተሯ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ለልምምድ ገባን። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አናጢ ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። «ትንሽ ሆዴን ነው» አሉ፣ እንዳስቸገሩን ሁሉ እያፈሩ። አራት ተማሪዎች አልጋውን ከበብን። አንዷ ጨጓራ ነው አለች፤ እኔም ጨጓራ አልኩ። ከዚያ ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን።

ጋሼ መዳፋቸውን በሽማግሌው ሆድ ላይ አሳረፉ። ጫን አሉ። እንደገና ጫን አሉ።

«አላውቅም» አሉ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ጨጓራ እኮ ነው» አልኩ።

«ይሆናል። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሂድ፣ ዶክተሯን ጥራት።»

«ሌላ ክፍል በሽተኛ እያየች ነው፤ ስትጨርስ...»

«አሁን።»

ሮጥኩ። ዶክተሯ መጥታ የሽማግሌውን ሆድ አንዴ ነካች፤ ወዲያው አልጋው ወደ ቀዶ ሕክምና ተገፋ። አንጀታቸው ተበስቶ ኖሯል። በዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሼን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እንዴት አወቁ?» አልኳቸው።

«አላወቅኩም አልኩህ እኮ፣ ልጄ። ሃምሳ ሰው የጫነ ሾፌር የማያውቀውን ድምፅ ከሰማ መኪናውን ያቆማል እንጂ አይገምትም።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሁለታችንም ተመርቀን አንድ ክሊኒክ ውስጥ እንሠራለን፤ በራችን ጎን ለጎን ነው። አሁንም በቀን ሦስቴ ሳልጠይቃቸው ያርሙኛል። ባለፈው ወር እናቴን ደረቷን ወጋት። ክንዷን ይዤ መጣሁና፣ የራሴን በር አልፌ የጋሼን አንኳኳሁ።

«ሐኪም ልጅ አለኝ እያልኩ አገር ምድሩን ሳሰለች፣ አንተ ደግሞ ሰው ቤት ትወስደኛለህ?» አለችኝ።

«ግቢ፣ እማዬ» አልኳት።