አቶ ደምለው ካርድ ሲያስመርጡ

ዕቃ ሊገዛ የወጣ ሰው ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ሻጩ፣ ሁለተኛው አብሮት የወጣው አስመራጭ። ሻጩስ ቢበዛ ገንዘብ ይበላል፤ አስመራጩ ግን እንቅልፍ ይነሳል። በየዘመዱ መሐል እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ጫማ ልትገዙ ይዛችሁት ብትወጡ፣ አዲስ ጫማ አዳልጧቸው የተሰበሩትን ሁሉ ስም ጠርቶ በአሮጌው ጫማችሁ ይመልሳችኋል።

የደሴውን አቶ ደምለውን የሚያህል ግን የለም። ክቡርነታቸው የሥጋት ሹም ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም፣ ማንም አይሽራቸውም። ኢሕአዴግ በየሰፈሩ ኮብልስቶን ሲያስነጥፍ፣ ቀበሌው መንገዱን በሚያስመርቅበት ቀን ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸው እጃቸውን አውጥተው፣ ዝናብ ሲመታው ቢያዳልጥስ ብለው ጠየቁ። ሠርግ ቤት ከተጠሩ መጀመሪያ የድንኳኑን ካስማ ይነቀንቃሉ። "ኋላስ?" ይላሉ በየነገሩ። ልጅ ተወለደ ሲሏቸው እንኳ እሰይ ካሉ በኋላ "ኋላስ?" ማለታቸው አይቀርም።

ወንጌላዊት የእህታቸው ልጅ ናት። ከሐርቡ መጥታ እሳቸው ቤት እየኖረች ኮምፒውተር ግራፊክስ ትማራለች። የመመረቂያ ሥራዋ በኮምፒውተር የተሳለ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ነው፤ መኪናው፣ ጉሙ፣ ገደሉ ሁሉ አለበት። ያ አሮጌ ኮምፒውተሯ ግን ሥራውን በከፈተችው ቁጥር ደርቆ ይቀራል። አስተማሪዋ ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስለት ግራፊክስ ካርድ ካልገባለት አይሆንም አላት። ካላስረከበች ደግሞ አትመረቅም። እናቷ የላከችላት ብር ለአንድ ካርድ ይበቃል እንጂ ለአንድ ስህተት አይበቃም። ካርዱ ባይስማማ፣ ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩን ቢያቃጥለው፣ አለቀላት። ይህን እያሰበች እህል አልወርድ ብሏት ሰነበተች።

በእነሱ ቤት ያለ አስመራጭ መግዛት ነውር ነው። በሬም ይሁን ራዲዮ፣ ታላቅ ሰው ሳያየው ደጅ አይገባም። ስለዚህ አቶ ደምለው ኮታቸውን ደርበው ተነሡ።

መጀመሪያ በሚኒባስ ኮምቦልቻ ወረዱ። ጉሙ ሐረጎን ሸፍኖት ነበር፤ አቶ ደምለው በየኩርባው የማን መኪና እንደተገለበጠ እየነገሯት ሄዱ። ሱቅ ሲደርሱ ሻጩ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ካርድ አወጣ። ያገለገለ ነው፤ ዋጋውም ከአቅሟ አልወጣም። እሷ እዚያው ልቧ ሄደ። አቶ ደምለው በሬ እንደሚገዛ ሰው እያገላበጡ አዩትና ስንት ዓመት ሠራ፣ ከማን ቤት ወጣ፣ ለምን ተሸጠ እያሉ ጠየቁ። ሰውየው ጥያቄው ሳያልቅ መማል ጀመረ። ማርያምን፣ ገብርኤልን፣ ልጄን ይንሳኝ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ይሠራል አለ። የእሷ ኮምፒውተር ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አልጠየቀም። አቶ ደምለው ካርዱን ቀስ አድርገው መልሰውለት ወጡ።

"ቶሎ የሚምል ቶሎ ይክዳል" አሏት ደጅ ላይ።

ወንጌላዊት እንባዋ መጣ። "ጋሼ፣ በእርስዎ ፍርሃት ሳልመረቅ ልቀር ነው እኮ" አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች፤ እሳቸው ግን ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ደሴ ሚኒባስ መንገድ ጀመሩ።

ደሴ ተመልሰው ፒያሳ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው መሕሙድ ዘንድ ገቡ። መሕሙድ አስቀድሞ ስለ ኮምፒውተሯ ጠየቀ፤ በተለይ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን አቅሙ ስንት እንደሆነ። ስትነግረው ራሱን ነቀነቀና ትልልቆቹን ትቶ አንድ ትንሽ፣ ባለ አንድ ማራገቢያ ካርድ አወጣ። ይህኛው ተጨማሪ የኃይል ገመድ አይጠይቅም፣ ለደካማ ኮምፒውተር የሚሆነው ይሄ ነው አላት። ወንጌላዊት አይታው ከፋት፤ ያንን ሁሉ መንገድና ገደል ይህቺ ትችለዋለች ብላ አላመነችም። አቶ ደምለው እንደ ልማዳቸው ጠይቀው ጠይቀው ሲያበቁ፣ ይሠራል ብለህ ማልልኝ አሉት።

"እሱንስ አልምልም ጋሽ ደምለው" አለ መሕሙድ። "እኔ ዘንድ ሞክሬው ሠርቷል። እሷ ቤት መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን እንደሚያገኘው ግን የሚያውቀው አላህ ነው። እኔም እፈራለሁ።"

አቶ ደምለው በዕድሜያቸው ሙሉ ቢጤያቸውን ያገኙት ያን ቀን ነው። ሰውየውን ትክ ብለው አዩትና፣ በይ ክፈዪው አሏት። መሕሙድ አገባቡን አሳይቶ፣ ካርዱን ጠቅልሎ ሲሰጣት "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አላት። ከአልምልም በኋላ የመጣ አብሽሪ ደግሞ ምን ልብ ይሞላል!

ቤት ገብተው ካርዱን መሕሙድ እንዳሳያት አስገባች። መብራቱ ገና መምጣቱ ነው፤ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ጣቷ ማብሪያው ዘንድ ሲደርስ ቀጥ አለ። አቶ ደምለው ከልጅነቷ ጀምሮ ያወሩላት እሳት ሁሉ፣ ጭሱ ሁሉ መጣባት።

"ጋሼ፣ ፈራሁ" አለች።

አቶ ደምለው ተነሡ። ቁጣ ወይም ምክር ስትጠብቅ፣ ክንዷን ይዘው ከኋላቸው አደረጓት።

"ራቅ በይ። ቢፈነዳ እኔ ኖሬያለሁ።"

ቀልዳቸው አልነበረም፤ እንደሚፈነዳ ከልባቸው አምነዋል። ወንጌላዊት የፈራችው ካርዱ እንዳይበላሽ ነበር፤ እሳቸው የፈሩት ለእሷ ነው። ፊታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ማብሪያውን ተጫኑ። ማራገቢያው ተንሾካሾከ። ስክሪኑ በራ። እሷ በብብታቸው ሥር እጇን አሾልካ ማውሱን ያዘችና ሥራዋን ከፈተች። የሳለችው ሚኒባስ በጉሙ ውስጥ ኩርባውን ዞሮ ወረደ፤ አልደረቀም። በኮታቸው ጀርባ ላይ ግንባሯን ደፍታ አለቀሰች። እንደዚያን ቀን ሰው ወዳ አታውቅም።

"ምነው? ተቃጠለ እንዴ?" አሉ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ።

"ሠራ ጋሼ።"

"እንግዲያው ጥቂት ቆዪ" አሉ። "እስኪለየለት እኔ ከፊት ልሁን።"