ድንቻቸውን የማያስነኩት ጋሽ ሙሉነህ

ክረምት መውጣቱን የማያምን ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እዚህ ደብረ ማርቆስ አጥር የምንጋራው አንድ ጎረቤት አለኝ፤ ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ ሙሉነህ። መስቀል አልፎ ሰፈሩ ሁሉ የበቆሎ አገዳውን ሲቆርጥ፣ የጎርፍ ቦዩን ሲደፍንና አጥሩን ሲጠግን፣ እሳቸው የጓሮ ድንቻቸውን አያስነኩም። ቅጠሉ ደርቆ መሬት ላይ ተኝቷል። ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ ዶማ ባነሱ ቁጥር «ተይው፣ ገና ይዘንባል» ይላሉ። ሰማዩ ግን ታጥቦ የተወለወለ ሳህን መስሏል።

ይህ ምን ዓይነት ሳይንስ ይሆን ብዬ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ጠየቅኋቸው።

«ጋሽ ሙሉነህ፣ እውነት ይዘንባል ብለው ነው?»

ዙሪያቸውን ቃኙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ድንቹን የተከልነው ከልጄ ጋር ነው። አሁን እሷ ቁይ ከተማ ሄዳ እያስተማረች ነው። ሳይቆፈር ከቆየ ልትቆፍር ትመጣለች። ከተቆፈረ ግን ምን ብዬ ልጥራት?»

«ናፍቀሽኛል ቢሏትስ?»

«እንደሱ ይባላል እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተገርመው።

ምስጢር መጠበቅ አልሆነልኝም። ለእትዬ ዘውዴ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ለልጃቸው ደወሉ። ልጅቷ ቅዳሜ መጣችና አባትና ልጅ አብረው ሲቆፍሩ ዋሉ። የድንቹን ግማሽ ትል በልቶታል። ጋሽ ሙሉነህ ስለ ትሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ እሷ ወደ መናኸሪያ ልትሄድ ስትነሳ ግን ባዶውን የድንች መደብ በጫማቸው ነካ ነካ አደረጉና፣ «ነጭ ሽንኩርቱንስ መቼ መጥተሽ እንትከለው?» አሏት።