የዱባይ ተራው የቻርጅ ሹም

ቀኑ የግንቦት ልደታ ማግስት ነበር። ወይስ ሰኔ ገብቶ ነበር? ዝናብ ትዝ ይለኛል፤ ግን የመርካቶን ቀን ሁሉ በዝናብ ነው የማስታውሰው፤ ስለዚህ ለዝናቡ አትመኑኝ። ዓመቱ ግን አምና ነው። ለዚህ እከራከራለሁ።

መርካቶ ውስጥ የሰው ባትሪ ሲያልቅ የራሱ ደም የሚፈስ የሚመስለው ሰው የሌለበት ተራ የለም። የእኛው ክቡር ጋሽ ይገረም ናቸው። እንዴት አደርክ ማለት አያውቁም። ሰላምታቸው "ስንት ፐርሰንት ነህ?" ነው። አሥራ አምስት ካሉዋቸው ሐዘን የደረሰብዎ ያህል ወንበር ይስቡልዎታል።

ዱባይ ተራ፣ ፎቅ ላይ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ ይሸጣሉ። ይሸጣሉ ያልኩት ለአክብሮት ነው። ቁልፍ ፈላጊ ቆሞ ይጠብቃል፤ ስልኩ ሊዘጋ የደረሰ መንገደኛ ግን እጁን ተይዞ ይገባል።

የሹመታቸው ምልክት ባለ አሥር ቀዳዳ ዩኤስቢ ሀብ ነው። ሁለት ጭራ አለው፤ አንዱ ከአሮጌ ላፕቶፓቸው ይያያዛል፣ ሌላው በራሱ አዳፕተር ግድግዳው ላይ ይሰካል። "ጉልበቱ ከግድግዳው ነው፤ ላፕቶፑማ ጠብታ ነው የሚያቀምሰው" እያሉ ለገባውም ላልገባውም ያስረዳሉ። ስልኩ፣ ፓወር ባንኩ፣ የእጅ ባትሪው፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ የፀጉር መቁረጫው ሁሉ እዚያ ላይ ተደርድሮ ይጠባል። ዕቃ እንዳይቀያየር ከሚሸጡት ክር ቆርጠው አንዱን ለዕቃው፣ አንዱን ለባለቤቱ ጣት ያስራሉ። አንድ ቀን አውራ ጣቴ ላይ አረንጓዴ ክር እንደታሰረ ቤቴ ገብቼ፣ ለባለቤቴ ጠንቋይ ቤት አለመሄዴን ሳስረዳ አመሸሁ።

አባቴ ጭድ ተራ አጠገብ በነበረው ቤታችን የደከመ የሬዲዮ ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያሞቅ ነበር። ማታ ሬዲዮው እንደገና ሲናገር የነበረኝ ደስታ እስካሁን አልለቀቀኝም። ጋሽ ይገረም ሱቅ ያለ ጉዳይ የምመላለሰው ለዚሁ ነው።

ያን ቀን መብራት ከጠዋት ጠፍቶ ቆይቶ ከሰዓት መጣ። ተራው በሙሉ ወደ ጋሽ ይገረም ጎረፈ። ከፊት ማሙሸት ነበር፤ ካልሲ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ የሚሸጥ፣ ፎቁን የሚያናውጥ ሰው። ያን ቀን ግን ድምፁ አልነበረም። የላካቸው ሽማግሌዎች የሚወዳትን እድላዊትን ለጋብቻ ሊጠይቁለት አባቷ ቤት ገብተዋል። ባለፈው አባትየው "እናስብበት" ብለው መልሰዋቸዋል፤ ዛሬ ቁርጡ ነው። እንደወጡ ይደውሉለታል። ስልኩ ደግሞ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል፤ ቁጥራቸውም ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

አሥሩም ቀዳዳ ሞላ። ይሄኔ ልብስ ሰፊዋ ሠርኬ ካውያ ይዛ መጣች፤ አስቸኳይ ቀሚስ አለባት። ጋሽ ይገረም የለም ማለት አያውቁም። ግድግዳው ላይ እጃቸው የደረሰበትን ነቅለው ካውያዋን ሰኩላት። የነቀሉት የሀቡን አዳፕተር ነበር። ላፕቶፑ ያችን ጠብታውን እየሰጠው የሀቡ መብራት እንደበራ ስለቀረ ማንም አላስተዋለም።

ማሙሸት ቆይቶ ስልኩን ተጫነው። ጥቁር። ደግሞ ተጫነው።

"ጋሽዬ፣ ይሄ ነገር እየሞላ አይደለም።"

"አይዞህ፣ እንቢ ቢሉህም ሳትሰማ ትከርማለህ" አለው ፀጉር አስተካካዩ በሪሁን።

ማሙሸት አልሳቀም። ደውለው ዝግ ቢሆንባቸውስ አለ፤ ሽማግሌ ሁለቴ አይደውልም።

ጋሽ ይገረም ሽቦውን በጣታቸው እየተከተሉ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መሰለ። ካውያውን ነቅለው አዳፕተሩን መለሱ። ቀጥሎ በሹመት ዘመናቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ የበሪሁንን መቁረጫ፣ የእኔን ስልክ፣ የሁላችንንም ዕቃ ከሀቡ ላይ አንድ በአንድ ነቀሉ። የማሙሸት ስልክ ብቻውን ቀረ።

"ዛሬ የአንድ ሰው ነው" አሉ።

ማንም አላጉረመረመም። ሠርኬ እንኳ ካውያዋን ይዛ ቆማ ቀረች። ያ ሁሉ ነጋዴ አንድ ጥቁር መስታወት ላይ አፈጠጠ። ያኔ ጋሽ ይገረም፣ ለማሙሸት ይሁን ለስልኩ ሳይለይ፣ ቀስ ብለው፦

"በእኛ ጊዜ ስልክ የታለ። እኔ ሽማግሌ ልኬ ከአጥራቸው ውጪ ቆሜ ነው የጠበቅሁት።"

ብቻቸውን እንደሚኖሩ ተራው ሁሉ ያውቃል። የማን አጥር ሥር እንደቆሙ ግን ማንም ሰምቶ አያውቅም።

ስልኩ በራ። ብዙም ሳይቆይ ጠራ። ማሙሸት ጆሮው ላይ ለጠፈው፤ እሺ አለ፣ እሺ አባባ አለ፣ ከዚያ የክር ካርቶን ላይ ቁጭ አለ።

"ሰጡኝ።"

ሠርኬ እልልታውን አቀለጠችው። በሪሁን ማሙሸትን ከነካርቶኑ ሊያነሳው ታገለ። ማጉያው ባትሪ ስላልነበረው ማሙሸት በባዶ ጉሮሮው ለፎቁ ሁሉ አወጀ፤ ከታችኛው ፎቅ ድረስ ፉጨት መለሱለት።

እኔ ወደ ጋሽ ይገረም ዞርኩ። የእርስዎ ሽማግሌዎችስ ምን ብለው ወጡ ልላቸው ነበር። ወንበሩ ባዶ ነው። ኮታቸውንና ባርኔጣቸውን አንስተው፣ ሱቃቸውን ለእኛ ክፍት ትተው ወርደዋል። በመስኮት ስመለከት ወደ አውቶቡስ ተራ በሚጎርፈው ሕዝብ መሀል ባርኔጣቸው አንዴ ታየችኝ፤ ከዚያ አንድ ተሸካሚ ከነፍራሹ ጋረደኝ።