የእንግዳው ምሳና የመስጊዱ ምሰሶ

በእኛ በእስቴ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይለቀለቅ ግድግዳ የለም። እንግዳው የሚመጣው አሮጌውን ግድግዳ ሊያይ ቢሆንስ? ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የተባለው እኛን አይተው መሆን አለበት።

አዲሱ መንገድ በጥንቱ መስጊድና በቅዱሱ ሰው በወልዩ መቃብር ላይ ሊያልፍ ነው ተባለ። ዝናብ ሲጠፋ ክርስቲያኑም ሳይቀር ከግቢው ቆሞ የሚማጸንበት ቦታ ነው። ጥንታዊነቱ ከተረጋገጠ መንገዱ ይዞራል፤ አለዚያ ዶዘሩ ይገባል። ባለሙያዎች አይተው ሊወስኑ ቀን ተቆረጠ። የመስጊዱ ጠባቂ ሼህ ሰይድ ግን አልተጨነቁም። ወልዩ ከየት እንደመጡ፣ መስጊዱንም መቼ እንዳቆሙ፣ መሐል ላይ በቆመው የጽድ ምሰሶ ተቀርጿላ!

ያንን ጽሑፍ እኔ ዕድሜ ልኬን ለአገር ተርኬዋለሁ፤ ፊደሉ የበሬ ቀንድ ያክላል፣ በጨለማ ያበራል እያልኩ። አይቼው ነው? ክርስቲያን ነኝ፤ ከግቢው አልፌ አላውቅም። አይቶማ ማውራት ማንን ያቅተዋል? ጥበቡ ሳያዩ ማውራት ነው።

በዋዜማው ጎረምሳው ወጥቶ የሣሩን ክዳን በቆርቆሮ፣ ምሰሶውን በባሕር ዛፍ ተካው። ሼሁ ምሰሶውን እንግዶቹ በብርሃን እንዲያዩት ብለው ከአጥሩ ጥግ አስተኙት። በማግስቱ እሳቸው እንግዳ ሊቀበሉ ወረዱ፤ እኛ ከግቢው ምሳ ጣድን። መቼም የእስላሙ በግ ለብቻ፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ድስት፣ ሁለት እሳት። የክርስቲያኑ ድስት አዛዥ እኔ ነበርኩ። እንጨት አለቀብኝ። ዞር ስል ጥላሸት የጠጣ አሮጌ ግንድ በፊቱ ተደፍቷል። የፍርስራሽ ትራፊ መሰለኝ፤ ፈልጬ ማገድኩት።

ባለሙያዎቹ ደረሱ። ቆርቆሮውን አዩና መቼ እንደተሠራ ጠየቁ።

«ትናንት!» አለ ሕዝቡ በኩራት።

ሼሁ ወደ አጥሩ ጥግ ሄዱ። ባዶውን ቦታ አዩ፤ ቀጥሎ መጥረቢያዬን፤ ቀጥሎ እሳቴን። እጃቸውን በራሳቸው ላይ ጭነው ቁጭ አሉ። የባለሙያዎቹ አለቃ፣ ጽሑፉን ያየ ምስክር አለ ወይ ቢል፣ አገር በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ደምሴ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ያበራል ሲሉን አልነበር?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬውን ትቼ ድስቴን ማማሰል ያዝኩ። እንግዶቹ ምሳውንም አልቀመሱት፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ በልተው ኖሯል የመጡት።

ዛሬ አውቶቡሱ በወልዩ ራስጌ ላይ ያልፋል። ሼህ ሰይድ ሰላምታዬን ይመልሱልኛል፤ ባይመልሱልኝ ይሻለኝ ነበር። ተሳፋሪው፣ እስቲ ስለ ምሰሶው ያውሩን ይለኛል። ምን ብዬ? አሁን በዓይኔ አይቼ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲነድ ጭስ የለውም።