«እንብላ» ስል ያመኑኝ ሰው

እኛ በአፋችን የምንሰጠው ስጦታ ሁሉ ሰማይ ቤት ቢመዘገብልን ኖሮ ይሄኔ ገነት ገብተን በሩን ከውስጥ ቆልፈን ነበር። እስቲ አስቡት። ጎረቤት በደጃችን ሲያልፍ «ግቡ እንጂ» እንላለን። ሰው ኮታችንን ካደነቀ «ውሰደው» እንላለን። ምግብ ላይ ተቀምጠን ዓይናችን ከሰው ዓይን ጋር ከተጋጨ ደግሞ «እንብላ» እንላለን። ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ «እሺ» ብሎ የሚቀበለን ሰው ቢመጣ ምን ይውጠን ነበር? እኔ ይህን ጥያቄ አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ አስቤው አላውቅም። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ የእኔም አፍ ሜዳውን ሲጋልብበት ኖረ።

«እንብላ» ሕግ አለው። ማንም አልጻፈውም እንጂ ከሞጆ እስከ ባቱ የማያውቀው የለም። የሚበላው ሰው «እንብላ» ይላል። የሚያልፈው «ብሉ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል፤ ከትናንት ጀምሮ እህል ባይቀምስም በልቷል። የሚበላው ይደግማል፤ የሚያልፈውም ይደግማል። ከዚያ ወዲያ ጋባዡ የምሩን ከሆነ «በሞቴ» ብሎ ተነሥቶ ክንድ ይይዛል፣ ይጎትታል። የምሩን ካልሆነ አቀርቅሮ ይጎርሳል። ከዚያ አንዱ ቸር፣ ሌላው ጨዋ ተብሎ በሰላም ይለያያሉ። ከዚህ የሚቀል ጽድቅ ከየት ይመጣል?

እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህር ብቻ አይደለሁም። በጽዋ ማኅበራችን ስለ ቸርነት የማስተምረው እኔ ነኝ። ሳስተምር እናቶች ያለቅሳሉ። አንድ ጊዜማ ራሴም በራሴ ትምህርት ተነክቼ አልቅሻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ አይደለም፤ ኋላ የደረሰብኝ በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደደረሰ እንድታውቁት ነው።

ነገሩ የሆነው በፍልሰታ ጾም ነው። አማቴ እማማ ብርቄ የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው እዚሁ አዳማ ሆስፒታል ተኝተዋል። ትምህርት ቤት ዝግ በመሆኑ ስንቅ የማመላለሱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ባለቤቴ በየቀኑ ባለ ሦስት ድርብ የምሳ ዕቃ ታስይዘኛለች። የላይኛው ድርብ የአማቴ ሾርባ ነው፤ እሱን የነካ ወዮለት። መካከለኛው ሽሮ ነው። የታችኛው እንጀራና ጎመን ነው። ሁለቱ የእኔ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ቤት ተመልሼ እስክበላ ድረስ እንዳልወድቅ ታስቦልኝ ነው።

የዚያን ዕለት ማክሰኞ አማቴን ሾርባቸውን አጠጥቼ፣ «ጨው ረስታለች፣ ድሮም ልቧ ሌላ ጋ ነው» የሚለውን ስሞታ ለልጃቸው ላደርስ ተቀብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ከዋርካው ሥር አስታማሚዎች ካርቶን አንጥፈው የሚቀመጡበት ቦታ አለ። ተቀመጥኩ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአዳማ ነፋስ አቧራውን ይዞ እስኪያልፍ ጠበቅኩና ክዳኑን ከፈትኩ። ሽሮው ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳነሣ ዓይኔ ከአንድ ሰው ዓይን ጋር ተጋጨ።

ስልሳ ዓመት ያልሞላቸው፣ ኮታቸው የነጣ፣ ቀጭን ገበሬ ናቸው። የግንቡ ጥግ ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አላውቃቸውም። ደንቡ ደንብ ነውና ጉርሻዬን አየር ላይ አቁሜ «እንብላ» አልኳቸው።

ሰውየው «እሺ» አሉ።

ምናልባት በደንብ አልሰማሁ ይሆናል አልኩ። እሳቸው ግን ተነሡ፤ ከቧንቧው እጃቸውን ታጠቡ፤ መጥተው ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም፣ በሰከነ ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤ «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ለእሱ ጉልበት የለኝም። እምቢ እንዳልኩ ቁጠርልኝ»።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ምን ይመለሳል? «ኧረ ምን ችግር አለ» አልኩ፤ ይህችም ሁለተኛ ውሸቴ ናት። እጃቸው ግን ወደ ምግቡ አልሄደም። ስሜን ጠየቁኝ። ታደለ ነኝ አልኳቸው። ለምን እንደሚጠይቁኝ ሲያስረዱኝ «ልጸልይ ነው፣ ለጌታ ማን እንዳበላኝ ልነግረው ነው» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው በኦሮምኛ ረጅም ጸሎት ጀመሩ። ጴንጤ ናቸው። እኔ ከሌሊት ጀምሮ የጾምኩ ኦርቶዶክስ ጉርሻዬን እንደያዝኩ ጠበቅኩ። የእኛን ጸሎት ረዘመ የሚል ሰው ቢኖር ያን ቀን እዚያ ባመጣሁት ነበር። በጸሎቱ መካከል ስሜ ሁለት ጊዜ ሲነሣ ሰማሁ፤ ምን እንደተባለልኝ ባላውቅም ደነገጥኩ።

በሉ። ቀስ ብለው፣ ሳይስገበገቡ በሉ። እኔ ደግሞ በዓይኔ የእንጀራውን ዳር ድንበር እለካ ነበር፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ አይደለሁ? ድንበሩ ወደ እኔ በተጠጋ ቁጥር ቸርነቴ እየቀለጠ፣ እኚህ ሰውዬ ወግ አያውቁም እያልኩ በልቤ ማማት ጀመርኩ። ስለ ቸርነት ሲያስተምር ሰው የሚያስለቅሰው መምህር ሽሮ ላይ ይህን ይመስል ነበር።

እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ስለ ራሳቸው ያወሩኝ ጀመር። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ ከአዳሚ ቱሉ ናቸው። ባለቤታቸው አዴ ወርቄ የማህፀን ዕጢ አለባቸው፤ ብዙ ደም ፈስሷቸዋል። ቀዶ ጥገናው ነገ ጠዋት ነው። ደም ያስፈልጋል ስለተባለ ኦቦ ቱፋ በጠዋት ክንዳቸውን ይዘው ቀርበው ነበር። ነርሷ መቼ እንደበሉ ጠየቀቻቸው። ትናንት ጠዋት ዳቦና ሻይ አሉ። ሆስፒታሉ የሚሰጠውን ምግብ ለባለቤታቸው ሲያበሉ እሳቸው ሳይበሉ ቀርተዋል፤ ዘመዶቻቸው የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ነርሷም ሳይበሉ ደም አልወስድም፣ እዚሁ ተዝለፍልፈው ሊወድቁብኝ ነው፣ በልተው ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ይምጡ፣ ካልሆነ ቀጠሮው ይሻገራል አለቻቸው።

«ልለምን አስቤ እስከ ውጭው በር ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመለስኩ» አሉኝ። «መለመን አላውቅበትም። ከዚያ እዚህ ተቀመጥኩና፣ ጌታ ሆይ፣ እኔ መጠየቅ አልቻልኩም፣ አንድ ሰው እንዲጠራኝ አንተ አድርግ አልኩት። ያን ጊዜ አንተ ቀና ብለህ ጠራኸኝ»።

ምን ልበላችሁ? አንድ ሰው ግንብ ጥግ ተቀምጦ ወደ እግዚአብሔር ሲጮህ እግዚአብሔር በዚያ ግቢ ውስጥ ያገኘው አፍ የእኔ ነው። ያውም የምሩን ያልተናገረ አፍ። ባዶ ቃሌን አንሥቶ ሞላውና ለሰውየው ሰጠው። እኔ ስለዚህ ነገር ያስተማርኩባቸውን ዓመታት ሁሉ አሰብኩ፤ አንድ ቀን እንኳ የምናገረው እውነት እንደሆነ አልጠረጠርኩም ነበር። ፈራሁ፤ የፈራሁትም በደስታ ነው።

ደም መስጫው ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። እኔም ልስጥ ስል ነርሷ የግፊት ኪኒን እውጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እውጣለሁ ስላት ይቅርብዎ አለችኝ። መርፌው ወፍራም ነበርና፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ትንሽ ደስ አለኝ። ኦቦ ቱፋ ተጋደሙ። ቀጭኗ ቱቦ ቀላች፤ ከረጢቱ ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። ሽሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደም እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ሐኪም ካላችሁ አትሣቁብኝ። የሳቸው ደም በቀጥታ ለባለቤታቸው ይግባ ወይም በምትኩ ሌላ ይሰጣቸው፣ ያንንም አላውቅም። ብቻ ያ ከረጢት ሲሞላ ቆሜ እያየሁ፣ በዓይኔ ስለካው የነበረው እንጀራ ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። በቅዳሴ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

ለሰጪዎች ብስኩትና ለስላሳ ይሰጣል። ኦቦ ቱፋ ብስኩቱን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ፤ ምሳህን ተጋርቻለሁ አሉ። የጾም መሆኑን እንኳ ሳልጠይቅ ኪሴ ከተትኩት።

ተመልሼ ለአማቴ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ በልቤ ያማሁትንም ሳልደብቅ። ለእማማ ብርቄ መናዘዝ ለንስሐ አባት ከመናዘዝ ይከብዳል። ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ሲሰሙኝ ቆዩና፣ በሕይወትህ አንድ ሰው «እሺ» ሲልህ ይህ የመጀመሪያ ጊዜህ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ክርስትና የተነሣኸው ዘንድሮ ነው በለኛ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት አዴ ወርቄ ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ። ኦቦ ቱፋና እኔ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እሳቸው ጸለዩ። እኔም ውዳሴ ማርያም እየደገምኩ ስንት ጊዜ እንደጀመርኩት ጠፋኝ። አምስት ሰዓት ሲሆን ሐኪሙ ወጥቶ ተርፈዋል አለ። ኦቦ ቱፋ ኮታቸውን አስተካክለው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፤ እንባቸው ግን አገጫቸው ድረስ ወረደ። የእኔም ወረደ፤ በዚህ ጊዜ ግን በራሴ ትምህርት አልነበረም።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ባለቤቴ የታችኛውን ድርብ በእንጀራ እየጠቀጠቀች ታስይዘኝ ጀመር። እኔና ኦቦ ቱፋም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዋርካው ሥር እንገናኛለን። እሳቸው ስሜን ለጌታ እየነገሩ ይባርካሉ፤ እኔ አማትባለሁ፤ እንበላለን። ጸሎታቸውም ቀስ በቀስ አጠረብኝ፤ ወይም እኔ ለመድኩት።

ቅዳሜ ዘመዶቻቸው ደረሱ። አምስት ሰዎች፣ ወንድማቸው፣ ሁለት እህቶቻቸው፣ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌና አንዲት ጎረቤት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በማዳበሪያ ጭነው በሚኒባስ መጡ። አዴ ወርቄን አይተው ወደ ግቢው ሲወጡ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣ እኔ የምሳ ዕቃዬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ። ተነሣሁ፤ «እንብላ» አልኳቸው። በአርባ ስምንት ዓመቴ የምሬን ያልኩት የመጀመሪያው «እንብላ» እሱ ነው።

«ብሉ፣ ባቱ ላይ በልተን ነው የመጣነው» አሉ።

ደገምኩ። እነሱም ደገሙ። ወንድምየው ሆዱን መታ መታ አድርጎ ጥጋቡን መሰከረ። «በሞቴ» አልኩ፤ አንዷን እህት ክንዷን ያዝኩ። ገለቶማ፣ ገለቶማ ብላ እያመሰገነች በፈገግታ ወደ ኋላ አለች። ከንፈራቸው ከመንገዱ አቧራ ደርቋል፤ እንዳልበሉ ያስታውቃል፤ ግን ሕጉን የሚያውቁ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ከልቤ በጠራሁ ቀን የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ክዳኑን እንደያዝኩ ልለምናቸው ምንም አልቀረኝም።

ያን ጊዜ ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ታጥበው ከቧንቧው ተመለሱ። ለዘመዶቻቸው በኦሮምኛ ረጋ ብለው ተናገሩ፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ቢሆንም ይህችን ለመረዳት አልቸገረውም። ይህ ሰው ለወግ አይናገርም፣ እንብላ ካለ ከልቡ ነው፣ እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ አሏቸው።

አምስቱም ዞረው አዩኝ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡኝ። ከዚያ አንድ በአንድ ታጥበው መጡና ከበው ተቀመጡ። ኦቦ ቱፋም ዓይናቸውን ጨፍነው ስሜን ጠሩ። ከአሜን በኋላ እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ የመጀመሪያው ቀን እንዲያ አልነበረም ልል ነበር። ሆኖም ኦቦ ቱፋ ቀድመው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። እኔም አኘክኩና ዝም አልኩ።