ጎመን የለበሰችው ድመት

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ ውሻዋን ሹራብ አልብሳ ሐኪም ቤት ስትወስደው በር ላይ ተገናኘን። ሹራቡ ቀይ ነው፤ ኮፍያም አለው። «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞታል» አለችኝ፣ ምንም ሳታፍር። «እግዜር ይማረው» አልኳት። ምን ልበላት ታዲያ? እሷ መንገዷን ቀጠለች። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ፊቴ እንደ እሳት ጋለ።

በዚህ ዕድሜዬ በሰው ውሻ የማፍረው ለምን ይመስላችኋል? ምክንያት አለኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ያልተነፈስኩት ነው። ለእናንተ ብነግራችሁ ግን ምን ትሆናላችሁ? ብትስቁም እኔ አላያችሁም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ መርካቶ። ያኔ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ በቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። እናቴ በርበሬ ትሸጣለች፤ እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የሰፈራችን አየር ራሱ በርበሬ ነው። ወደ እኛ ግቢ እንግዳ ሲመጣ በር ማንኳኳት አያስፈልገውም፤ ማስነጠሱ ቀድሞ ይገባል።

በዚያ ሰፈር ድመት የሌለው ሱቅ አልነበረም። ድመት ግን ሠራተኛ እንጂ ቤተሰብ አይደለችም። አይጥ ትይዛለች፣ ትራፊ ትበላለች፣ ጆንያ ላይ ትተኛለች። ስትታመምስ? ስትታመም ትሞታለቻ! ሌላ ትተካለች። ሰው ራሱ ሐኪም ለማየት ከሌሊት ጀምሮ በሚሰለፍበት አገር ድመት ላሳክም የሚል ሰው ቢገኝ፣ መጀመሪያ መታከም ያለበት እሱ ነው ይባል ነበር።

የእኛዋ ድመት ግን ሌላ ነበረች። ነጭ ናት፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ። እናቴ «እመቤት» ትላታለች። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እናቴ ከሰው ጋር ማውራት ትታ ነበር። ለደንበኛ ዋጋ ትናገራለች፣ ለእኔ «ምሳሽ ቀርቧል» ትላለች፣ በቃ። የቀረው ወሬዋ በሙሉ ለእመቤት ነው። «ልጁ ብርድ አይችልም እኮ፣ እመቤት» ትላታለች። እመቤት ዓይኗን ጨፈን ታደርግላታለች። «ሹራብ ይሰጧቸው ይሆን?» አሁንም ጨፈን። እኔ የተማርኩት ልጇ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳጣ፣ ድመቷ ጨፈን እያለች ታጽናናት ነበር።

ወንድሜን የመለመለው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ደምሰው ነው። ቤቱ ከእኛ ቀጥሎ ነበር፤ የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ። ያኔ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም፤ ያለው ካኪ ልብስና ስብሰባ ነው። ጠዋት ጠዋት በሱቃችን በኩል ሲያልፍ «እንደምን አደሩ፣ እማማ?» ይላታል። እናቴ ሰፌዱን ታነሣና በርበሬውን ማንገዋለል ትጀምራለች። ሊቀመንበሩ እያስነጠሰ ያልፋል። ይህ በየቀኑ ነው። አንድም ቀን ግን መንገዱን ቀይሮ በሌላ በኩል አልሄደም። ለምን እንደሆነ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም።

በስብሰባ ላይ ደግሞ አንድ የሚወደው ንግግር ነበረው። ሰፊው ሕዝብ እየተራበ ለውሻና ለድመት ወተት የሚያጠጡ ከበርቴዎች ነበሩ፣ ዛሬም ርዝራዣቸው በመካከላችን አለ፣ ይል ነበር። ይህን ሲል እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ታዲያ ሁዳዴ ገባ። የእኛ ቤት ከሽሮና ከጎመን ሌላ የለውም። እመቤት ሽሮውን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ውሎ አደረ፤ አትበላም። የሚገርመው ሆዷ ነው፤ እንደ ከበሮ ተነፋ። የማትበላ ድመት እንዴት ትወፍራለች? ደግሞ ወጣ ትልና ሰዓታት ቆይታ አፏን እየላሰች ትመለሳለች። የጠረጠርነው ነገር አልነበረም። ብቻ እናቴ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ረዘም ያለ ንግግር ተናገረችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ከሞተችብኝ እኔ ከማን ጋር ላውራ?»

«ከእኔ ጋር» ልላት ፈለግሁ። አፈርኩ። በምትኩ የከብት ሐኪም አለ ሲባል ሰምቼ ነበርና እወስዳታለሁ አልኳት። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ።

ድመት መርካቶን አቋርጦ መውሰድ ቀላል ይመስላችኋል? ዘንቢል ውስጥ አስገባኋት። ከላይ ጎመን አለበስኳት። ከሲኒማ ራስ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ጎመኑን አየችና ከየት እንደገዛሁት ጠየቀችኝ። ዋጋውን ልነግራት አፌን ስከፍት ጎመኑ «ሚያው» አለ። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፣ ጎመኑን አየችው፣ አማተበችና ተነሥታ ሄዳ ቆመች። ከኋላ የተቀመጠ ወዛደር «እትዬ፣ ጎመኑ ገና ጥሬ ነው፤ ይብሰልበት!» አለ። አውቶቡሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ውስጥ የጋሪ ፈረሶችና አህዮች ተሰልፈዋል። ከፊቴ ከጎጃም በረንዳ እህል የሚያመላልስ ሰውዬ ነበር፤ የእሱ አህያ ጀርባዋ ቆስሏል። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። መጀመሪያ የአህያዋን ግንባር አሻሸና «ስሟ ማነው?» አለ። ሰውዬው ሳቀ። «አህያ ናት እንጂ፣ ዶክተር፣ ምን ስም አላት?» ሐኪሙ አልሳቀም። እጁን ግንባሯ ላይ እንዳደረገ ዝም ብሎ ጠበቀው። ሰውዬው ተቁነጠነጠ፣ ዙሪያውን አየ፣ በመጨረሻ ጨነቀውና የሚስቱን ስም ሰጣት። ከዚያ በኋላ ቁስሉ ሲታጠብ «አይዞሽ አስካለ፣ አይዞሽ» እያለ ጆሮዋን የያዘው ራሱ ሰውዬው ነው።

የእኔ ተራ ሲደርስ ጎመኑን አነሣሁ። ሐኪሙ ለምን ድመት አመጣሽ አላለኝም። እመቤትን አቅፎ በጣቱ ሆዷን ዳሰሰ፤ ይቅርታ የሚጠይቃት ይመስል ነበር። ትል ነው አለኝ። ጠዋት ጠዋት በወተት የሚሰጣት ዱቄት መድኃኒት ሰጠኝ። ጣቱ ላይ ቀለበት አልነበረም። ይህን ማየት አልነበረብኝም፤ ግን አየሁ።

በሁዳዴ ወተት ስትገዛ የተገኘች ክርስቲያን ምን እንደምትባል አስቡት እንግዲህ! ወተቱን የማያውቁኝ ሰፈር ሄጄ ነበር የምገዛው። እናቴ መድኃኒቱን በጥብጣ ትሰጣለች፤ እመቤት ትጠጣለች። ትድናለች ስንል ባሰባት። ምራቋ ይዝረበረብ ጀመር። እግሯ ተሳሰረ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጭራሽ መቆም አቃታት። እናቴ አላለቀሰችም። ሰፌዱን ይዛ ባዶውን ማንገዋለል ጀመረች። እኔ ዘንቢሌን አንሥቼ በረርኩ።

ሐኪም ቤቱ ግቢ ገብቼ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጥኩ በሩ ተከፈተ። ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ጓድ ደምሰው! ካኪውን አልለበሰም። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። ባዶ እጁን ነው። አየኝ፤ ደነገጠ። አየሁት፤ ደነገጥኩ። እኔ «ተከታትሎኝ መጣ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ድመት አሳካሚዋ ከበርቴ እኔ ነኝ» ብዬ ጎመኑን አስተካከልኩ። እሱ ደግሞ፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ ከበላይ አካል ሰላይ የተላከችበት መስሎት ነበር። አጠገቤ ተቀመጠ። «ጎመን ነው?» አለኝ። «ጎመን ነው» አልኩት።

ሐኪሙ ወጣና ሁለታችንን አንድ ላይ ሲያየን ፊቱ በራ። «ዛሬስ ተያይዛችሁ መጣችሁ! ጥሩ አደረጋችሁ» አለ።

ዘንቢሉን ገለጠ። እመቤትን ሲያይ ግን ፈገግታው ጠፋ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ባለፈው ጆሮዋ የተቀደደ ነጭ ድመት፣ በርበሬ በረንዳ ጀርባ፣ ሆዷ ተነፍቷል ሲሉኝ፣ ባለቤትዎ የወሰዱት መድኃኒት የፈሰሰባችሁ መስሎኝ ነው የጨመርኩልዎ። ሁለታችሁም ስትሰጧት በእጥፍ ወስዳለች ማለት ነው?»

ባለቤትዎ! ምን እንበል? «ባለቤቴ አይደለችም» ካለ፣ የሰው ድመት ቤቱ አስገብቶ ሥጋና ወተት ሲመግብ መክረሙ ሊወጣ ነው። «ባሌ አይደለም» ካልኩ፣ ይህ ሰው ማነው? ድመቴ እሱ ቤት ምን ትሠራለች? እሱስ እዚህ ምን ይሠራል? አንዱንም አላውቅ። ዝምታ ይሻለናል አልን መሰለኝ፣ ሁለታችንም ሳንማከር።

ሐኪሙ መርፌ ወጋት፣ በብርድ ልብስ ጠቀለላት። ከዚያ አጠገባችን ተቀመጠና በዚያ ለስላሳ ድምፁ ይመክረን ጀመር። «እሳቸው ጓዲት ይሏታል፣ እርስዎ እመቤት። በስሟ እንኳ አልተስማማችሁም። ቤት ውስጥ አትነጋገሩም እንዴ? ኩርፊያ በማንኛውም ቤት አለ። ግን ሁለት ሰው ሲኮራረፍ መሐል ላይ ያለው ነው የሚጎዳው።» ከዚያ ጭንቅላቷን እኔ፣ እግሯን እሱ እንድንይዝ አዘዘንና ወደ ፈረሶቹ ሄደ።

ያዝን። ወንድሜን ከወሰደብን ሰው ጋር አንዲት ድመት ለሁለት ይዤ ተቀመጥኩ። መጥላት ነበረብኝ አይደል? እኔም ልጠላው ሞከርኩ። እሱ ግን የእመቤትን እግር በመዳፉ እያሞቀ ነበር።

ቆይቶ ጠየቀኝ። «እናትሽ አሁንም አይናገሩም?»

«ከድመቷ ጋር ይናገራሉ» አልኩት።

ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «እኔም» አለ።

እኩለ ቀን ላይ እመቤት ዓይኗን ከፈተች፣ ሁለታችንን አየችና ጨፈን አደረገች። ሐኪሙ ትተርፋለች አለ። መድኃኒት ከእንግዲህ ከአንድ እጅ ብቻ እንድትወስድ አዘዘ። ስንወጣ ሊቀመንበሩን ወደ ጎን አድርጎ የሆነ ነገር አንሾካሾከለት። ኋላ ስጠይቀው «ሚስትህን አታስጨንቃት አለኝ» አለኝ። እንዴት እንደ አፈርኩ! ወደዚያ ሐኪም ቤት ዳግም አልሄድኩም። ባል ያላት ሴት ሆኜ ወጥቼ በምን ፊቴ ልሂድ?

እመቤት እኛ ቤት ተኝታ ዳነች። ልክ እግሯ እንደጠና ምን አደረገች? አጥሩን ዘልላ ሄደች። ምን ታድርግ? ሁዳዴ አላለቀም፤ ሊቀመንበሩ ደግሞ አይጾምም። በዚያ ግቢ ዓመቱን ሙሉ ሥጋ የሚበላበት ቤት የእሱ ብቻ ነበር።

እናቴ ተከትላ ሄደች። ቤቱ በር ላይ ደረሰች፤ አልገባችም። እመቤት ውስጥ ሳህን ላይ አቀርቅራለች፤ ሊቀመንበሩ አጠገቧ ቆሟል። እናቴ እሱን አላየችውም። «ብዪ፣ እመቤት፣ ብዪ» አለች። «ይሄ ቤት ልጄን በልቶ አልጠገበም፤ አንቺን ግን ያጠግባል።»

እኔ አጥሩ ጥግ ሆኜ ሰማሁ። በማግስቱ በሊቀመንበሩ በር ላይ በርጩማ ተቀምጦ ነበር። እናቴ በርጩማውን አየችው። «አንቺ ነሽ ያስቀመጥሽልኝ?» ብላ እመቤትን ጠየቀችና ተቀመጠች።

እንዲህ ተጀመረ። እናቴ ለድመቷ ትናገራለች፣ ሊቀመንበሩም ለድመቷ ይመልሳል። «እመቤት፣ ሌላ ልጅ ጠፍቶ ነው ወይ?» ትላለች። «ጓዲት፣ የእህቴም ልጅ ሄዷል በያቸው» ይላል። «እመቤት፣ ለእህቱም እዘኚላት እንግዲህ።» ጠዋት ደግሞ ሲያልፍ እናቴ ሰፌዱን ያዝ ታደርገዋለች፤ በርበሬው አይነሣም፤ እሱም አያስነጥስም። ይህ እርቅ ነው? ንገሩኝ። እኔ አላወቅሁትም።

ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ወንድሜ እግሩን ቆስሎ፣ በምርኩዝ፣ ተሰናብቶ መጣ። ሊቀመንበሩ የሆነ ሰው ለምኖለት ይሁን፣ ቁስሉ ብቻ ይሁን፣ አላወቅንም፤ አልጠየቅንም። እናቴ ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ በወንድሜ ላይ አፈሰሰችው። አሁን «እማዬ፣ ትንሽ ልተኛ» የሚለው እሱ ሆነ። በርጩማው ባዶውን ቀረ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን በራችን ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነው። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቷል። «ጓዲት አትበላም» አለኝ በሹክሹክታ። «እናትሽ መምጣት ከተዉ ወዲህ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ነው የምትውለው።» መሬት መሬቱን አየ። «ያንን ዘንቢል ታውሺኛለሽ?»

ወንድሜን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ ያስወሰደው ሰው፣ ድመት ለማሳከም ዘንቢል ሊዋስ በር ለበር ይሹለከለካል። በሩን ፊቱ ላይ ልዝጋው ወይስ ልሳቅበት? ሁለቱም አልሆነልኝም። ዘንቢሉን አመጣሁለት። ጎመኑንም እኔው ሄጄ ገዛሁለት፤ ሰፋ ሰፋ ያለውን መርጬ።

ማምሻውን ዘንቢሉን ሲመልስ ድመቷ ደህና ናት፣ ናፍቆት ነው ተባልኩ አለኝ። ለመሄድ ዞሮ ቆም አለ።

«ሐኪሙ ስለ አንቺ ጠየቀኝ።»

ልቤ ዘለለ። እውነቴን ነው፣ ዘለለ። «ምን ብሎ?»

«ባለቤትዎ እንዴት ናቸው ብሎ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ደህና ናት፤ አሁን ቤት ውስጥ መነጋገር ጀምረናል አልኩት። ደስ ሲለው ብታዪ!»